የሚያስደነግጠንና የሚገድለን፦ የሴናተር ክሪስ መርፊ የጦር መሣሪያ አቋም ሲመዘን

ክቡራትና ክቡራን፣ እዚህ ሜሪላንድ የምትኖሩም፣ ከዋሽንግተን የመጣችሁም፣ ከቨርጂኒያ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራችሁ የመጣችሁም፣ ጊዜያችሁን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ።

ንግግሬን በቁጥር እጀምራለሁ። ዓመቶቹንና ቀኖቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለምጠራ በዚያው ላሳስባችሁ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደመዘገበው፣ በ2022 በዚህ አገር በጦር መሣሪያ የሞቱት ሰዎች 48,204 ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 27,032ቱ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ያጠፉ ናቸው። በሌላ ሰው እጅ የተገደሉት 19,651 ሲሆኑ፣ የቀሩት በድንገት በባረቀ መሣሪያ፣ በፖሊስ ጥይት፣ ወይም ሁኔታው በውል ባልተለየ አጋጣሚ የሞቱ ናቸው። በቴሌቪዥን አይተን የምንደነግጥባቸው፣ በትምህርት ቤትና በገበያ ማዕከል የሚፈጸሙት የጅምላ ግድያዎች ከዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ ትንሿን ድርሻ ይይዛሉ።

ይህን አስቀድሜ ያነሣሁት፣ ዛሬ አቋማቸውን አብረን እንድንመረምር የመረጥኳቸው ሰው፣ የኮነቲከቱ ዴሞክራት ሴናተር ክሪስ መርፊ፣ ወደዚህ ጉዳይ የገቡት በጅምላ ግድያ በኩል ስለሆነ ነው። እሳቸውን የመረጥኩት የፓርቲያቸው ደጋፊ ሆኜ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከአሥር ዓመት በላይ ሳያቋርጡ የሠሩ፣ ብዙ ጊዜ የተሸነፉ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ያሸነፉ በመሆናቸው፣ የአንድ ሕግ አውጪ አቋም በተግባር ምን ያህል እንደሚራመድና የት ላይ እንደሚቆም ለማየት ከእሳቸው የተሻለ ምሳሌ ስላላገኘሁ ነው። የእኔን አስተያየት ከወዲሁ ልናገር፦ ሴናተሩ እጅግ የሚደመጡባቸው ሐሳቦች ከሁሉ የጠነከሩት ሐሳቦቻቸው አይደሉም፤ ጠንካሮቹ ብዙ ሰው ያልሰማቸው ናቸው።

መርፊ በ2006 ለተወካዮች ምክር ቤት ሲመረጡ የወከሉት የኮነቲከት አምስተኛ ወረዳ የኒውታውንን ከተማ የሚያካትት ነበር። በኅዳር 2012 ለሕግ መወሰኛው ምክር ቤት፣ ማለትም ለሴኔቱ፣ ተመረጡ። ቃለ መሐላ ከመፈጸማቸው በፊት፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2012፣ አንድ ወጣት በመጀመሪያ እናቱን በቤታቸው ገድሎ፣ ከዚያ ወደ ሳንዲ ሁክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሄዶ 20 ሕፃናትንና 6 የትምህርት ቤቱን ባልደረቦች ገደለ። ወላጆች የልጆቻቸውን ወሬ ይጠባበቁ በነበሩበት የእሳት አደጋ መከላከያ ጣቢያ ከተገኙት ባለሥልጣናት መካከል ያኔ 39 ዓመታቸው የነበረው ተመራጭ ሴናተር አንዱ ነበሩ። መርማሪዎች በኋላ እንዳረጋገጡት ገዳዩ በትምህርት ቤቱ ውስጥ ከአምስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከ150 በላይ ጥይቶችን ተኩሷል፤ እያንዳንዱ ካዝና 30 ጥይት የሚይዝ ነበር።

በአራተኛው ወር፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2013፣ ጉዳዩ በሴኔቱ ድምፅ ተሰጠበት። ለውሳኔ የቀረበው ዋናው ሐሳብ የዌስት ቨርጂኒያው ዴሞክራት ጆ ማንቺንና የፔንሲልቬንያው ሪፐብሊካን ፓት ቱሚ ያዘጋጁት ማሻሻያ ነበር። መሣሪያ የሚገዛ ሰው ወንጀል ያልፈጸመና በሕግ ያልታገደ መሆኑ የሚጣራበት ምርመራ፣ ፈቃድ ካላቸው ሱቆች አልፎ በመሣሪያ ባዛሮችና በኢንተርኔት የሚደረጉ ሽያጮችንም እንዲሸፍን የሚጠይቅ ነው። 54 ሴናተሮች ደገፉት፤ 46 ተቃወሙት፤ ሐሳቡም ወደቀ። አብላጫ ድምፅ ያገኘ ሐሳብ የሚወድቅበትን ምክንያት ከመካከላችን ብዙዎች ስለሚጠይቁ በአጭሩ ልመልስ። በሴኔቱ ደንብ መሠረት ክርክር ተዘግቶ ወደ ውሳኔ ለመግባት በአብዛኛው 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ሴኔቱ ደግሞ ለእያንዳንዱ ግዛት፣ ሕዝቡ ብዙም ሆነ ጥቂት፣ ሁለት ወንበር ስለሚሰጥ፣ ከዋዮሚንግ የሚመጡት ሁለት ድምፆች ከካሊፎርኒያ ከሚመጡት ሁለቱ ጋር እኩል ናቸው። ስለዚህ በዚህ አገር በመሣሪያ ጉዳይ ሕግ ማውጣት የሚፈልግ ሰው፣ የሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች የሚሉት ምንም ይሁን ምን፣ መሣሪያ በየቤቱ በሚገኝባቸው ግዛቶች የተመረጡ ሰዎችን ማሳመን አለበት። መርፊ ይህን ለመረዳት ዓመታት ወስዶባቸዋል።

አቋማቸውን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ። መርፊ የዜጎች መሣሪያ የመያዝ መብት እንዲሰረዝ አይጠይቁም። በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለግለሰብ መብት እንደሚሰጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 በሄለር ጉዳይ አምስት ለአራት ወስኗል፤ ያንኑ ፍርድ የጻፉት ወግ አጥባቂው ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን መብቱ ገደብ የሌለው እንዳልሆነ በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አስፍረዋል። የመርፊ መከራከሪያ የቆመው በዚህ ገደብ ላይ ነው። ማንኛውም ሽያጭ በምርመራ ውስጥ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ረቂቅ ደጋግመው ለሴኔቱ አቅርበዋል። እንደ ኤአር 15 ያሉ፣ ለጦር ሜዳ ከተሠሩት ጋር የሚመሳሰሉ ጠመንጃዎች እንዲታገዱ ይደግፋሉ። መሣሪያ አምራቾችን ከብዙ ዓይነት የፍትሐ ብሔር ክስ የሚከላከለው የ2005 ሕግ እንዲሻር ይጠይቃሉ። ከግዛታቸው ባልደረባ ከሴናተር ሪቻርድ ብሉመንታል ጋር ሆነው ደግሞ፣ ሽጉጥ ከመግዛት በፊት ፈቃድ ማውጣትን የሚያዙ ግዛቶች የፌዴራል ድጎማ እንዲያገኙ የሚል ረቂቅ አቅርበዋል። ይህ የመጨረሻው በዜና ብዙም ያልተወራለት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉ የበለጠ ጊዜ የምሰጠው ለእሱ ነው።

የኮነቲከት ግዛት በ1995 ሥራ ላይ ባዋለው ሕግ፣ ሽጉጥ የሚገዛ ሰው 21 ዓመት የሞላው እንዲሆን፣ ቢያንስ የስምንት ሰዓት ሥልጠና እንዲወስድና በአካል ቀርቦ በአካባቢው ፖሊስ በኩል ፈቃድ እንዲጠይቅ አዘዘ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ በሕጉ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በግዛቱ በመሣሪያ የሚፈጸም ግድያ ሕጉ ባይኖር ሊሆን ከሚችለው በ40 በመቶ ገደማ ዝቅ ማለቱን ገመቱ። ሕጉ ባይኖር ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም በዓይኑ ሊያየው ስለማይችል፣ ይህ ከሌሎች ግዛቶች ጋር በማነጻጸር የተሠራ ግምት መሆኑን መዘንጋት አይገባም፤ አኃዙም በሌላ ስሌት ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ነገር ግን ተመሳሳይ ሕግ የነበራት ሚዙሪ በ2007 ስትሽረው በዚያ የታየው ተቃራኒው ነበር፤ በመሣሪያ የሚፈጸመው ግድያ ጨመረ። አንድ ሕግ ሲገባ ግድያው ሲቀንስ፣ ያው ሕግ ሲወጣ ግድያው ሲጨምር ማየት በማኅበራዊ ጥናት ዘንድ በቀላሉ የሚገኝ ማስረጃ አይደለም።

ፈቃድ ከሱቅ ምርመራ የሚበልጥበት ምክንያት ለመረዳት አያዳግትም። በ1993 በወጣው የብሬዲ ሕግ መሠረት ሻጩ የገዢውን ስም ወደ ፌዴራሉ ማጣሪያ ይልካል፤ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይመጣል። ምርመራው በሦስት የሥራ ቀናት ካላለቀ ግን ሻጩ መሣሪያውን እንዲያስረክብ ሕጉ ይፈቅድለታል። በ2015 በቻርልስተን፣ ሳውዝ ካሮላይና፣ በአንድ ጥንታዊ የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ለመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት የተሰበሰቡ ዘጠኝ ምእመናንን የገደለው ሰው ሽጉጡን ያገኘው እንዲህ ነበር፤ በሕግ ሊከለከል ይገባው ነበር፣ ምርመራው ዘገየ፣ ሦስቱ ቀን አለፈ፣ ሽጉጡም ተሰጠው። ፈቃድ በሚጠየቅበት ግዛት ግን የጊዜው ጫና የሚወድቀው በገዢው ላይ ነው። መልስ እስኪያገኝ ይጠብቃል፤ ተናድዶ ወይም ተስፋ ቆርጦ የመጣም ከሆነ በመጠበቁ ውስጥ ንዴቱም ሆነ ተስፋ መቁረጡ ሊበርድ ይችላል። ደግሞም በሌላ ሰው ስም ሊገዛ የሚፈልግ ሰው፣ የጣት አሻራውን ይዞ ፖሊስ ፊት የሚቀርብለት ወዳጅ ማግኘት አለበት።

ስለ ጠመንጃ እገዳው ደግሞ ከሴናተሩ ጋር በከፊል እለያለሁ። ገዳዩ የተጠቀመበት መሣሪያ ዓይነት በታወቀባቸው ግድያዎች ውስጥ የጠመንጃ ድርሻ በየዓመቱ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው፤ ገዳዩ ሽጉጥ ነው። ከ1994 እስከ 2004 የቆየው የፌዴራል እገዳም ብዙ ቀዳዳ ነበረበት። ከእገዳው በፊት የተሠሩትን መሣሪያዎች በባለቤቶቻቸው እጅ ተወ፤ እገዳውንም እንደ ሳንጃ ማሰሪያና እንደ ብልጭታ መሸፈኛ ባሉ ተቀጥላዎች ላይ ስለመሠረተ፣ አምራቾች ተቀጥላውን ነቅለው ያንኑ ጠመንጃ በሌላ ስም ለገበያ አቀረቡ። መርፊ ትክክል የሚሆኑት ከጠመንጃው ይልቅ ካዝናው ላይ ሲያተኩሩ ይመስለኛል። በሳንዲ ሁክ እንደታየው፣ 30 ጥይት በአንድ ትንፋሽ የሚተኩስ ሰውና በየአሥር ጥይቱ ካዝና ለመቀየር የሚቆም ሰው እኩል ጉዳት አያደርሱም። ኮነቲከት ራሷ በሚያዝያ 2013፣ በሁለቱም ፓርቲዎች ድጋፍ፣ ከአሥር ጥይት በላይ የሚይዙ ካዝናዎችን ሽያጭ ከልክላለች።

ሰውየውን ሳከብራቸው አንዱ ምክንያቴ በሚያስደነግጠንና በሚገድለን መካከል ያለውን ክፍተት ራሳቸው ማየታቸው ነው። ከኒውታውን በፊት በግዛታቸው ከተሞች፣ በሃርትፎርድ፣ በብሪጅፖርትና በኒው ሄቨን፣ ጥቁርና ላቲኖ ወጣቶች አንድ በአንድ ሲሞቱ ጉዳዩን ተገቢ ትኩረት እንዳልሰጡት በይፋ አምነዋል። ካሜራ የማይሄድበት ሞት የፖለቲካ ክብደት የለውም። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ ፀብ ከመፈንዳቱ በፊት ገብተው የሚያበርዱ፣ ቆስሎ ሆስፒታል የገባ ወጣት ለበቀል እንዳይነሣ አልጋው ድረስ ሄደው የሚያነጋግሩ ሰዎች በመንግሥት ገንዘብ እንዲደገፉ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ሥራው ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ደም እንዳይቃባ መሀል የሚገቡ ሽማግሌዎች በአገራችን የኖሩበት ነው። ልዩነቱ እዚህ አስታራቂው ደመወዝና የጤና መድን የሚያስፈልገው ባለሙያ መሆኑ ነው።

ወደ ትግላቸው ልመለስ። ሰኔ 12 ቀን 2016 በኦርላንዶ ከተማ በአንድ የምሽት ክበብ 49 ሰዎች ተገደሉ። ከሦስት ቀን በኋላ መርፊ በሴኔቱ መድረክ ቆመው፣ ድምፅ እንዲሰጥ ቃል እስኪገባላቸው ድረስ መድረኩን አንለቅም ብለው፣ ባልደረቦቻቸው በጥያቄ እያገዟቸው ለ15 ሰዓት ያህል ተናገሩ። ቃሉ ተገባላቸው፤ በሳምንቱ አራት ሐሳቦች ቀረቡ፤ አራቱም ወደቁ። ድምፅ ማግኘትና ሕግ ማግኘት የተለያዩ መሆናቸው በዚያች ሳምንት በግልጽ ታየ።

በ2022 የታየው መርፊ ከዚህ የተለየ ነው። ግንቦት 14 በበፋሎ፣ ኒውዮርክ፣ አንድ የ18 ዓመት ወጣት በሱፐርማርኬት 10 ጥቁር አሜሪካውያንን ገደለ። በአሥረኛው ቀን በዩቫልዲ፣ ቴክሳስ፣ ሌላ የ18 ዓመት ወጣት 19 ሕፃናትንና 2 መምህራንን ገደለ። መርፊ በዚያው ቀን በሴኔቱ ቆመው ባልደረቦቻቸውን ለመኑ፤ ተንበርክኬ እለምናችኋለሁ እስከማለት ደረሱ። ይህን ብዙ ሰው አይቶታል። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ግን ያየው ጥቂት ነው። የጠመንጃ እገዳውንና ሁሉን አቀፍ ምርመራውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው፣ ከቴክሳሱ ጆን ኮርኒን፣ ከኖርዝ ካሮላይናው ቶም ቲሊስና ከአሪዞናዋ ኪርስተን ሲኔማ ጋር፣ ሪፐብሊካኖች ሊሸከሙት የሚችሉት ምን ያህል ነው ብለው መደራደር ጀመሩ። ኮርኒን በዚያው ሰሞን በገዛ ፓርቲያቸው የቴክሳስ ጉባኤ ላይ በጩኸት ተሰድበዋል። ሰኔ 23 ሕጉ በሴኔቱ 65 ለ33 አለፈ፤ 15 ሪፐብሊካን ሴናተሮች ደግፈውታል። በማግስቱ በተወካዮች ምክር ቤት 234 ለ193 ጸደቀ፤ ሰኔ 25 ፕሬዚዳንት ባይደን ፈረሙበት። በፌዴራል ደረጃ ወደ 30 ዓመት ከሚጠጋ ጊዜ በኋላ የወጣ፣ ክብደት ያለው የመጀመሪያው የመሣሪያ ሕግ ነበር።

ሕጉ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ገዢ የወጣትነት መዝገቡም እንዲታይና ጥርጣሬ ካለ ምርመራው እስከ 10 የሥራ ቀናት እንዲራዘም ፈቀደ። ካልተጋባ የፍቅር ጓደኛው ጋር ተጣልቶ በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰው ቢያንስ ለአምስት ዓመት መሣሪያ እንዳይዝ ከለከለ፤ ከዚያ በፊት ክልከላው በአብዛኛው ያገቡትን፣ አብረው የሚኖሩትን ወይም ልጅ የወለዱትን ብቻ ይመለከት ነበር። ለግዛቶች የቀውስ መከላከያ ሥራ 750 ሚሊዮን ዶላር፣ ቀደም ብዬ ለጠቀስኩት የሰፈር አስታራቂነት ሥራ 250 ሚሊዮን ዶላር መደበ። ለትምህርት ቤቶች የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችም ከፍ ያለ ገንዘብ ሰጠ።

ከሕጉ አንድ ነጥብ ግን በቀጥታ እዚህ አዳራሽ ያለነውን ስለሚመለከት ቆም ልበልበት። በገዛ ስም መሣሪያ ገዝቶ ለሌላ፣ መግዛት ለማይፈቀድለት ሰው ማስተላለፍ ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ሆኗል፤ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ መሣሪያው ለከባድ ወንጀል እንደሚውል ገዢው ካወቀ ደግሞ እስከ 25 ዓመት። በእኛ መካከል ሌሊት ታክሲ የሚነዱ፣ ነዳጅ ማደያና መጠጥ መሸጫ የሚሠሩ ብዙ ናቸው፤ ፍርሃታቸው እውነተኛ ነው። ወረቀቱ ያልተስተካከለለት የአክስት ልጅ “አንተ ዜጋ ነህ፣ በስምህ ግዛልኝ” ሲል፣ ይሉኝታ ይዞን የምንፈጽመው ውለታ ሁለቱንም ያሳስራል። ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ቢሆን፣ በመሣሪያ ወንጀል ከተፈረደበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ይህን ስል ማንንም ለማስፈራራት አይደለም፤ ሕጉ በአማርኛ ተተርጉሞ ስላልደረሰን ነው።

የተቃዋሚዎችን ክርክር በሚዛን ማቅረብ ይገባኛል። ከሁሉ የጠነከረው ክርክራቸው በዩቫልዲ ራሱ ታይቷል። ወደ 400 የሚጠጉ የፀጥታ ኃይሎች በትምህርት ቤቱ ተገኝተው፣ ገዳዩ ከሕፃናት ጋር በክፍል ውስጥ እያለ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመው ጠበቁ። መንግሥት በወቅቱ አይደርስልኝም የሚል ዜጋ፣ ራሴን ልጠብቅ ቢል፣ ያለ ምክንያት አይደለም። ከጎጃም፣ ከጎንደር ወይም ከሸዋ ገጠር የመጣን ሰዎች ይህን ስሜት ከማንም በላይ እናውቀዋለን፤ በአገራችን ጠመንጃ ለገበሬው የክብር ዕቃ ነው፣ ከአባት ይወረሳል፣ በለቅሶም በሠርግም ይተኮሳል፣ መንግሥት ባልደረሰበት ዳር ደግሞ የርስት ጠባቂ ነው። ኢትዮጵያም በራሷ አቆጣጠር በ2012 ዓመተ ምሕረት፣ በፈረንጆቹ በ2020፣ በአዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ ሥር ለማድረግ ስትነሣ የገጠማት ይኸው ጥያቄ ነበር፤ ሰው መሣሪያውን በሕግ ሥር የሚያደርገው ሕጉ እንደሚጠብቀው ሲያምን ነው። መርፊ ለዚህ ክርክር የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ አያረካኝም። በ2022 መጨረሻ በቴሌቪዥን ቀርበው፣ የመሣሪያ ሕጎችን አናስፈጽምም ለሚሉ አካባቢዎች ፖሊስ የሚሰጠው የፌዴራል ገንዘብ ሊታሰብበት ይገባል ማለታቸው በተለይ ስሕተት ይመስለኛል። ፖሊስ አይደርስልኝም ብሎ የሚሠጋን ሰው፣ የፖሊሱን በጀት እነካለሁ ብሎ ማሳመን አይቻልም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከፍርድ ቤት ነው። ሴኔቱ ሕጉን ባጸደቀበት በዚያው ቀን፣ ሰኔ 23 ቀን 2022፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በብሩን ጉዳይ ስድስት ለሦስት በሰጠው ፍርድ፣ አንድ የመሣሪያ ሕግ የሚመዘነው ለሕዝብ ደኅንነት በሚያስገኘው ጥቅም ሳይሆን ከአገሪቱ የቀደመ የመሣሪያ ቁጥጥር ልማድ ጋር በመስማማቱ ነው አለ። በዚህ መመዘኛ፣ የ40 በመቶውን ጥናት የያዘ ጠበቃ ጥናቱን አስቀምጦ የ18ኛውን መቶ ዘመን መዛግብት ማገላበጥ ሊኖርበት ነው። ፍርድ ቤቱ በ2024 በራሂሚ ጉዳይ፣ ስምንት ለአንድ፣ ለሌላው ሰው አደገኛ መሆኑ በፍርድ ቤት የተረጋገጠን ሰው መሣሪያ ማስፈታት ሕገ መንግሥታዊ ነው በማለት መመዘኛውን ጥቂት አለዝቦታል። በብሩን ፍርድ ውስጥም መስፈርቱን ላሟላ ሁሉ የሚሰጥ ፈቃድ በራሱ እንዳልተከለከለ ተጠቁሟል። የመርፊ ጠንካራው ሐሳብ በዚህች ጠባብ በር ሊያልፍ ይችላል፤ የጠመንጃ እገዳው ዕጣ ግን አጠራጣሪ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቁጥር ትልቁ ክፍል ልምጣ፤ ወደ 27,032ቱ። በ2023 በመሣሪያ የተገደሉት ቁጥር ወደ 17,927 ወረደ። መርፊ ለቅናሹ የ2022ቱን ሕግ ድርሻ ያጎሉታል፤ የወረርሽኙ ዘመን ቀውስ ማለፉም ድርሻ ስላለው እኔ በግማሽ ልቤ ነው የምቀበላቸው። በዚያው ዓመት በመሣሪያ ራሳቸውን ያጠፉት ግን ወደ 27,300 ከፍ አሉ። በእኛ ማኅበረሰብ ይህ ሞት በለቅሶ ቤት እንኳ በስሙ አይጠራም። ነገሩን የሚያከብደው፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ብዙ ጊዜ የሰዓታት ማዕበል መሆኑና በሌላ መንገድ ሞክረው የተረፉ ሰዎች አብዛኞቹ በኋላ በዚያ መንገድ የማይሞቱ መሆናቸው ነው። በመሣሪያ የሞከረ ግን ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ አይተርፍም። ኮነቲከት በ1999 በአገሪቱ የመጀመሪያውን፣ በራሱ ወይም በሌላው ላይ አደጋ ሊያደርስ የተቃረበን ሰው መሣሪያ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለጊዜው የማስቀመጥ ሕግ አወጣች። ይህን ሕግ ያጠኑ ተመራማሪዎች በእያንዳንዱ ከ10 እስከ 20 በሚሆን ትእዛዝ አንድ ሰው ራሱን ከማጥፋት ተርፏል ብለው ገምተዋል። የ750 ሚሊዮኑ ዶላር አንዱ ዓላማ እንዲህ ያሉ ሕጎችን መደገፍ ነው። 988 ለተባለው የቀውስ ጊዜ የስልክ መስመርም በዚሁ ሕግ ገንዘብ ተጨምሮለታል። ሽጉጥ ቤቱ ያለ ሰው ደግሞ ሴኔቱን ሳይጠብቅ ዛሬ ማታ ሽጉጡን ከትራስ ሥር አውጥቶ፣ ጥይቱን ለይቶ፣ ሁለቱንም በየራሳቸው ቁልፍ ሊያኖር ይችላል።

ገንዘብ ግን በሕግ ቢጻፍም በአስተዳደር ለውጥ ይናጋል። በ2025 የፌዴራሉ ትምህርት ሚኒስቴር ለትምህርት ቤቶች የአእምሮ ጤና ከተመደበው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ድጋፍ እንደሚያቋርጥ አስታውቆ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል፤ ለሰፈር አስታራቂዎች የተሰጡ ድጎማዎችም ተሰርዘዋል። የወንጀል ድንጋጌዎቹ ግን እንደተጻፉ ናቸው።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን አካባቢ። ሜሪላንድ ከሳንዲ ሁክ በኋላ፣ በ2013፣ የኮነቲከትን የመሰለ የሽጉጥ ግዢ ፈቃድ ሕግ አወጣች፤ አሻራ፣ የአራት ሰዓት ሥልጠናና ከግዛቱ ፖሊስ የሚሰጥ ፈቃድ ይጠይቃል። ሕጉ በፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ተከራክሮ በነሐሴ 2024 ጸንቷል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በጥር 2025 ጉዳዩን አልመለከትም ብሏል። ቨርጂኒያ በ2020 ሽያጭን ሁሉ በምርመራ ሥር አድርጋ፣ በወር ከአንድ ሽጉጥ በላይ መግዛትን ገድባ ነበር፤ የግዢ ፈቃድ ግን በዚያ ጥቅል ውስጥ አልተካተተም። ከሜሪላንድና ከዋሽንግተን ውጭ ተገዝተው በእነዚህ በሁለቱ ከተያዙት መሣሪያዎች ውስጥ በምንጭነት ቀዳሚዋ ቨርጂኒያ ናት። ስለዚህ በሜሪላንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ በሕግ የተጠበቀው እስከ ወንዙ ዳር ነው። ከወንዙ ማዶ የተገዛውን ሽጉጥ በሌላ ሰው ስም አሻግሮ የሚሸጠውን ሰው በቀጥታ የሚመለከተው የፌዴራል ድንጋጌ፣ መርፊ ትልቁን ሐሳባቸውን ትተው በአንድ ወር ድርድር ያገኙት ያ የ15 ዓመቱ አንቀጽ ነው። በምርጫ ሰሞን ድምፃችሁን ሊጠይቁ ወደ ቤተ ክርስቲያናችሁ፣ ወደ መስጊዳችሁና ወደ ምግብ ቤቶቻችሁ የሚመጡት እጩዎች፣ ስለ ጠመንጃ እገዳ ያላቸውን አቋም ሳይጠየቁ ይነግሯችኋል፤ እናንተ ስለ ግዢ ፈቃዱና ይህን አንቀጽ ስለሚያስፈጽሙ መርማሪዎች በጀት ጠይቋቸው።

አመሰግናለሁ።